የኢዮብ ሐተታ ከብርጭቆ መደርደሪያ ሥር ነጻ የወጣበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፥ ዐቃቢተ መጻሕፍት ወይዘሮ በለጥሻቸው፥ ጎረቤት ያልበገራቸው፥ ባል ያልመለሳቸው፥ ከራጉኤል በታች ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ በነገሡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፥ መንገዱ ተቆፍሮ ሳይደፈን ሁለት ክረምት ባለፈበት በወርኃ ነሐሴ፥ ይህ ገድል ተፈጸመ። ቆሜ ያየሁትን ጻፍሁ፤ አልነበርሽም የሚለኝ ይምጣ።

በዚያም ዘመን የሱቋ መጻሕፍት በሁለት ነገድ ተከፍለው ነበር። ቀጫጭኖቹ፥ ጠላትን በሰባት ቀን ስለ ማንበርከክ የሚያስተምሩቱ፥ ገና ከካርቶን ሳይወጡ ያልቁ ነበር፤ ወፍራሞቹ ግን፥ መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል የሚመረምሩቱ፥ የግርጌ ማስታወሻቸው ከጽሑፉ የሚረዝመው፥ አቧራ ለብሰው ሰው ይጠብቁ ነበር። የወይዘሮዋም ባል አቶ ምንይሉ ይህን አይተው ተቈጡ፥ ተቈጥተውም ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሚ በለጡ! እስከ ሐሙስ ከነዚህ ድንጋዮች አንዱ ካልተሸጠ ቆራሌው መጥቶ በኪሎ ይጭናቸዋል። እኔ ሱቅ እንጂ ሙዚየም አልከፈትኩም!»

ወይዘሮ በለጥሻቸውም እንቢ አሉ፤ እንቢ ማለት ልማዳቸው ነበረና። እንዲህም ብለው አጸፋ አዋጅ አወጁ፦

«አንባቢው እየመጣ ነው! መንገዱ ተቆፍሮበት ነው የዘገየ!»

ሐሙስም በሆነ ጊዜ አረጋዊው መምህር ኃይለልዑል፥ ሚስታቸውን ቀብረው አርባዋን ያወጡ፥ ከመሳለሚያ ጭቃውን እየዘለሉ መጡ፤ ስለ ኢዮብ መከራ የተጻፈውን ትልቁን ሐተታም ጠየቁ። መጽሐፉ ግን በምርኮ ላይ ነበረ። መንገዱ የተቆፈረ ሰሞን የጎረቤታቸው የብርጭቆ ነጋዴው የጀማለዲን ወለል ሰጥሞ፥ ጣሪያ የሚነካው መደርደሪያው ስላዘመመ፥ የኢዮብ ሐተታ በአንድ እግሩ ሥር ገብቶ እንዲደግፍ ተደርጎ ነበርና።

ወይዘሮዋም ነጠላቸውን አደግድገው ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ማሙሸትና ሁዛይፋ፥ ክንደ ብርቱዎቹ፥ ከአትክልት ተራ የቲማቲም ሳጥን ሲያወርዱ ያረፈዱ፤ ሻይ ሻጯ ጸሎት፥ የሚወድቅ ብርጭቆ ልትቀልብ ሽርጧን የዘረጋች፤ ከእርስዋም ኋላ ሥራ የፈታ ሁሉ፥ ምክር ብቻ ተሸክሞ። ጀማለዲንም በደጁ ቆመና አወጀ፦

«እትዬ በለጥሻቸው፥ ወላሂ እወድዎታለሁ! ግን አንድ ብርጭቆ ጠብ ካለች፥ እኔና እርስዎን ኢዮብም አያስታርቀን!»

ኃያላኑም በመደርደሪያው ሥር ገብተው፥ ትከሻቸውን ሰጥተው፥ «ሆ! በለው!» ብለው አነሡ፤ መደርደሪያው ግን አልተነቃነቀም። ዳግመኛም አነሡ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ እንጂ ምንም አልሆነ። ሁዛይፋም ከሥር ሆኖ ጮኸ፦

«እትዬ፥ ይሄ መጽሐፍ በሲሚንቶ ነው እንዴ የተጻፈው?»

በዚያችም ሰዓት የቆራሌው ጥሪ ከማዕዘኑ ተሰማ፥ ቀረበም፤ አቶ ምንይሉም ከሱቃቸው ሳይወጡ «ና በዚህ በኩል!» ብለው ጠሩት። መምህሩም ሰዓታቸውን አዩ፤ ወይዘሮዋ ግን ወደ ኋላ አላዩም።

እነሆም የጀማለዲን ሚስት ራዲያ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሠራዊቱን ከመደርደሪያዋ ሥር አገኘችው፤ ሳህኑንም ሳታስቀምጥ ይህን አዋጅ አሰማች፦

«ምን ሆናችኋል እናንተ? እሱን እኮ አምና በብሎን ከግድግዳው ጋር አሳስሬዋለሁ! ጀማል፥ አንተስ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መጽሐፉም ምንም ሳይሸከም ዓመት ሙሉ እንደ ተሸካሚ ሲከበር መኖሩ ታወቀ። ወይዘሮ በለጥሻቸውም ጎንበስ ብለው በሁለት ጣታቸው ሳቡት፤ ወጣ። ብርጭቆዎቹም ኪው አላሉም፤ ኃያላኑ ግን ትከሻቸውን ቶሎ ማንሣት አፍረው ጥቂት እንደ ተሸከሙ ቆዩ።

መምህር ኃይለልዑልም አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው፥ ጭቃው መሀል ቆመው አንድ ገጽ አነበቡ፥ ሁለተኛውንም አነበቡ፥ መጨረሻውንም ገልጠው አዩ። ከዚያም በቀስታ፥ አዋጅ በማይመስል ድምፅ አወጁ፦

«ይሄ አንደኛው ቅጽ ነው። ኢዮብ እዚህ ገና እየጮኸ ነው፤ እግዚአብሔር የሚመልስለት በሁለተኛው ነው። እሱም ይሰጠኝ።»

ሁለተኛው ቅጽ በሱቋ መደርደሪያ ተፈለገ፥ በካርቶንም ተፈለገ፥ ታጣም። ያን ጊዜ አቶ ምንይሉ፥ ያለ አንዳች አዋጅ፥ ከበርጩማቸው ተነሡ። ቁመታቸው ከሂሳብ ጠረጴዛው እንዲስተካከል በጨርቅ ጠቅልለው የተቀመጡበት ሁለተኛው ቅጽ፥ ሙቀቱ ሳይበርድ ለመምህሩ ተሰጠ። ቆራሌውም ባዶ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ።

ስለዚህ ክብርና ሞገስ ለወይዘሮ በለጥሻቸው ይሁን፥ ለፈታሒተ ምርኮ፥ ለእሙ ለኢዮብ፥ አንባቢ ይመጣል ብለው እንቢ ላሉት፤ አንባቢውም መጣ። ወፍራሞቹም መጻሕፍት በየቦታቸው ጸንተው አሉ፤ አቶ ምንይሉም ከዚያች ቀን ጀምሮ፥ አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፥ በትሕትና ይነግዳሉ።