ከሲቪው ላይ የቆረጥኳቸው ዓመታት

ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሲቪ ሲያጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አያለሁ። ፒያሳ ውስጥ፣ ከፍርስራሹና ከአዲሱ የእግረኛ መንገድ መሀል ተርፋ በቀረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን ምስጋና፣ ያልጻፍኩት የለም፤ እንደ ሲቪ ሰውን የሚያስጨንቅ ወረቀት ግን አልገጠመኝም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና "ምን ምን ትችላለህ?" ስለው መሬት መሬት ያያል። "እንግዲህ… ያው… ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ" ይላል። ይህ ትንሽ ትንሽ የሚሞክር ሰው ግማሽ ዕድሜውን በሒሳብ ሹምነት የሠራ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ኮምፒዩተር አብራ ቢሉት ማብሪያውን ግድግዳ ላይ የሚፈልግ የአራዳ ልጅ ይመጣና፣ ማኪያቶውን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ "ኤክስፐርት በልልኝ" ይለኛል። እላለሁ። እኔ ጸሐፊ እንጂ ፈታኝ አይደለሁም።

ሃምሳ አለቃ ጌታሁን ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ ፈትቶ ይገጥም ነበር፣ አንዳንዱንም ፈትቶ ይተወው ነበር። ኋላ ሠራዊት ገባ፤ በመገናኛ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒዩተር ሲጠግን፣ ኔትወርክ ሲዘረጋ ኖሮ በክብር ተሰናበተና መጣ። መጥቶም ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር አማቱ ቤት ተቀመጠ። ወንድ ልጅ አማቱ ቤት ሲኖር እንጀራ እንዴት እንደሚያንቅ የኖረበት ያውቀዋል። አማቱ ክፉ ሴት አይደሉም። በየማለዳው ሲወጣ ፈገግ ብለው "ዛሬስ?" ይሉታል፤ ሌላ የሚሉት የለም። ይህች አንዲት ቃል ግን ጤነኛውን ሰውዬ አከሳችው።

ለአይቲ ሥራ የሚሆን ሲቪ ራሱ ጽፎ "ይተይቡልኝ" ብሎ ሰጠኝ። ከላይ ስሙ አለ። ቀጥሎ "ድክመቶቼ" ይላል፤ ገጽ ተኩል። አንድ ቀን ኬብል ሳይቀብር እንዳደረ፣ የበታቹን ያለአግባብ እንደተቆጣ፣ እንግሊዝኛውን ለማሻሻል እንደሰነፈ ዘርዝሯል። "ጠንካራ ጎን" ከሚለው ሥር ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "አለቆቼ ይጠየቁ።"

"ጌታሁን፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ግለ ሂስ ነዋ ጋሼ። እኛ ዘንድ ሰው ጥፋቱን ራሱ ይናገራል፤ ደጉን ሥራውን ሌላ ሰው ይናገርለታል።"

እውነቱን ለመናገር በአሠራሩ ቀናሁ። ይህ ነገር ወደ ዕድራችን ስብሰባ ቢገባ ኖሮ የስንቱ ጠብ በበረደ። ቀጣሪ ግን እንዲህ ያለ ንስሐ አይወድም፤ ስለዚህ ድክመቱን ጥዬ፣ የሚያውቀውን አንድ በአንድ እየጎተትኩ አወጣሁና ጻፍኩለት። ይዞ ቸርችል ጎዳናን ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። የሚያነቡት ሁሉ ከወረቀቱ ላይ የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ወታደር። "ጎሽ፣ እኛም ለጥበቃ ደህና ሰው አጥተን ነበር" ይሉታል። አንደኛው እንዲያውም ቁመቱን በዓይኑ ለካው። ጌታሁን የጥበቃን ሥራ ንቆ አይደለም። "ጠመንጃ ዳግመኛ ላልይዝ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ይኼኔ የአራዳ ብልጠቴ መጣብኝ። ሙያውን እንዳለ ትቼ ውትድርናውን ከነዓመታቱ ከሲቪው ቆረጥኩት። "ቃለ መጠይቅ ላይም ስለ ውትድርና ትንፍሽ እንዳትል!" አልኩት። "ትእዛዙ ገብቶኛል!" ብሎ ተረከዙን ገጭ ሲያደርግ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርጉት ሴትዮ ክው አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም የተማመንኩት በዚህ ነበር። ለካስ በዚህ ከተማ አንተ ዝም ያልክበትን ቦታ ሌላው ይሞላልሃል። አሥራ አንድ ዓመት የጠፋ ሰው ወይ አረብ አገር ነበር፣ ወይ ገዳም ነበር፣ ወይ ታስሮ ነበር። አራተኛ የለም።

ወይዘሮ ዘይነባ የቢሮ ዕቃ ያስመጣሉ፤ ከወልቂጤ መጥተው ከአንዲት ሱቅ ተነሥተው እዚህ የደረሱ፣ ሰው በዓይን የሚያነቡ ነጋዴ ናቸው። ጌታሁን ይዞላቸው የሄደውን አዲሱን ሲቪ አገላብጠው "እነዚህን ዓመታት የት ነበርክ?" አሉት። ጌታሁን ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ዝም። ደገሙለት። ዝም። አጭር የተቆረጠ ጠጉሩን፣ በወንበሩ ጫፍ አቀማመጡን፣ እሳቸው በተነሡ ቁጥር ብድግ ማለቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ገባኝ። ግድ የለም፣ ያለፈው አልፏል። ከእስር የወጣ ሰው ሥራ ካላገኘ የት ይግባ? ሰኞ ጀምር።"

እየሮጠ መጥቶ ይህን ሲነግረኝ ራሴን ያዝኩ። "አንተ ሰው፣ ለምን አላረምካቸውም?"

"እርስዎ ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ እኮ!" አለ። አቀርቅሮም ጨመረ፦ "ደግሞ ጋሼ… ሰኞ ጀምር አሉኝ።"

ሰኞ ጀመረ። የሥራ ባልደረቦቹ በደግ ቃል ያናግሩታል፤ ቦርሳቸውን ደግሞ ይቆልፋሉ። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ "ምን ያህል ቢያሰቃዩት ነው!" ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሱ ኮምፒዩተራቸውን ይጠግናል። አማቱ "ዛሬስ?" ማለቱን ተዉት፣ ጌታሁንም ወፈር አለ። ታሳሪን ይቅር የምትል ከተማ ወታደርን ኮምፒዩተር ፊት ማየት አቃታት እያልኩ፣ ፍልስፍናዬን ለደንበኛ ሁሉ አድላለሁ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር።

ዒድ ሲቃረብ ጌታሁን ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። የወይዘሮ ዘይነባ ታናሽ ወንድም ከድር በደረቅ ቼክ ታስሯል። እሳቸው ስንቅ ባደረሱ ቁጥር "እንዳንተው ታስሮ የወጣ፣ አሁን እኔ ዘንድ ተከብሮ የሚሠራ ሰው አለ" እያሉ ሲያጽናኑት ከርመዋል። ልጁ ያንን ሰው አሳዪኝ ብሏል።

"ምን አጥፍቼ ታሰርኩ ልበል?" አለኝ ጌታሁን።

ሲቪ የሚጻፍበት ወንበር ላይ ተቀምጠን ወንጀል መምረጥ ያዝን። ሌብነት እንዳንል የድርጅቱ ዕቃ ሁሉ በእጁ ነው። ድብድብ እንዳንል የቢሮው ሴቶች ይሸሹታል። ቼክ እንዳንል ቼክ ይዞ አያውቅም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ! በመጨረሻ "ውሸት አይሆንልኝም፤ እውነቱን ነግሬያቸው ልውጣ" አለ። ሥራውን አስታወስኩት። "ሥራውስ ይሁን። ከድር ግን ምን ይሆናል?" አለና ሄደ። ያን ቀን ብልጠቴ አሳፈረኝ።

ከወይዘሮ ዘይነባ ጋር እስር ቤት ሄደው የሆነውን ከዒዱ በኋላ እሱው ነገረኝ። ከድር ምን አጠፋህ ብሎ አልጠየቀውም፤ እዚያ ቤት ይህ አይጠየቅም መሰል። "ስትወጣ ከሁሉ የከበደህ ምንድን ነው ወንድሜ?" ነው ያለው።

"የሰው ቤት መቀመጥ" አለው ጌታሁን። "ልጄ እያየችኝ ባዶ እጄን መመለስ። የምችለውን ትተው የነበርኩበትን ብቻ ሲያዩ ያማል። ግን ያልፋል። ለኔ አልፏል።"

ከድር አለቀሰ፤ ቀጥሎም ያመጡለትን ምግብ ጠርጎ በላ። እህቱ ሲበላ ካዩት ቆይተዋል። ስለዚህ እሳቸውም አለቀሱ።

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ጌታሁን ሁሉንም አፈረጠው። ወታደር እንደነበረ፣ አንድም ቀን ታስሮ እንደማያውቅ ነገራቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ምኒልክ አደባባይ ሲደርሱ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው አቆሙ። አሁን አባረሩኝ ሲል፣ "ለሌላው ንገር፣ ግድ የለኝም" አሉት። "ከድር እስኪወጣ ግን ለሱ እንደታሰርክ ቆይልኝ።"

"እሺ አልካቸው?" አልኩት።

"ምን ላድርግ ጋሼ።"

"ልጁ ስንት ቀረው?"

"ሁለት ዓመት።"

እንግዲህ ጌታሁንም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።