በላይቭ ያሳየኋችሁ ጉሬዛ

እናንተዬ፣ ጠዋት ላይቭ ላይ የነበራችሁ ዝም በሉ! ያልነበራችሁ ግን ቁጭ በሉ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ጉዴን ልዘርግፈው።

ክረምቱን ለማሳለፍ ልጆቹን ይዘን የባለቤቴ አገር እስቴ ነን። የቤተክርስቲያኑ ደን ከቤቱ በላይ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ወፍ በወፍ!

እኔ ደግሞ እንደምታውቁት ወፍና አውሬ መለየት ከስልክ ተምሬ፣ ቢኖኩላር ገዝቼ፣ ራሴን ኤክስፐርት ብዬ ሾሜያለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ስቀውልኝ አያውቁም። "የልጄ ሚስት፣ ያቺ ስልክ ላይ የተተከለችው" ነው የሚሉኝ። ዘንድሮ ሳላስቃቸው አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት! እሳቸው ግን ፍልሰታ ስለሆነ ሱባኤ ገብተዋል፤ ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ካሉት የሳር ጎጆዎች ባንዱ ናቸው።

እኔም ጉሙ ሳይገለጥ ልጆቹን አስከትዬ ደን ገባሁ። ላይቭ ከፈትኩ።

ያኔ አየሁት።

ከወይራው ሥር። ጥቁር፣ ከትከሻው ላይ ነጭ የተንዠረገገለት። ጉሬዛ! ደግሞ ይነሳል፣ ይደፋል። ይነሳል፣ ይደፋል።

"እዩት ሲጨፍር!" አልኳችሁ በሹክሹክታ። "ሴቷን ለመማረክ ነው፣ አንብቤያለሁ!"

አላነበብኩም።

ትንሿ ልጄ "እማ፣ ጉሬዛ ኮንጎ ጫማ ያደርጋል እንዴ?" አለችኝ።

"ዝም በይ፣ ታስበረግጊዋለሽ!"

ፊቱን እንዲያዞርልን ሙዝ ወረወርኩ። መሃል ጀርባው ላይ!

ወዲያው ኮመንት መጣ፦ "እንዴ! እኚህ የኛ ሰፈሯ እትዬ ጥሩወርቅ አይደሉም? ስግደት ላይ እኮ ናቸው!"

ጉሬዛው ዞረ።

ጥቁሩ የብርድ ካባቸው። ነጩ ነጠላቸው። ለካ ጎጆው ጠብቧቸው ሊሰግዱ ደን ወጥተዋል።

ምድር ሆይ ተከፈቺ ብላት እምቢ አለች!

"እማዬ... ጉሬዛ መስለውኝ..." አልኩ። እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር?!

ሙዙን አነሱት። አገላብጠው አዩት።

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ለጾመኛ ምግብ ትወረውሪያለሽ?" አሉኝና ወደ ስግደታቸው ተመለሱ።

ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። ባለቤቴማ እንባው እስኪፈስ ይስቃል!

ቅዳሴ ሲወጣ ይቅርታ ልጠይቅ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። እማዬ በሴቶች ተከበው፣ ያንኑ ሙዝ እየላጡ ያወራሉ።

"ምራቴ ናት እኮ የመታችኝ!"

ከዚያ ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ!

ምራቴ! በስንት ዓመቱ!

በቃ፣ ለካ ፍቅራችን ሲጠብቅ የኖረው ሙዝ ነው። እስቲ ምከሩኝ፦ ለከርሞ ፍቅሩ ይበልጥ እንዲጠብቅልኝ ብርቱካን ልያዝ ወይስ ሐብሐብ?