አተሩ የተዘራበት ቦታ

የማይሰማ ልጅ ወላጁን ያደክማል ይላሉ። ይሁን፣ አልከራከርም። እኔ ግን የምፈራው የሚሰማውን ልጅ ነው። የማይሰማ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ቀድመህ ታውቃለህ፤ የከለከልከውን ነው። የሚሰማው ግን አንተ የተናገርከውን፣ ራስህ እንኳ ተናግሬዋለሁ ብለህ የማታስታውሰውን፣ ቃል በቃል ይዞ ሄዶ ባላሰብከው ቦታ ሥራ ላይ ያውለዋል። ያኔ ማንን ትቆጣለህ?

የእኔዋ ሰሚ ሲፈን ትባላለች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ክረምቱ ገብቶ መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘጋ፤ ባለቤቴን ትዕግሥትን ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ለአሥር ቀን ሥልጠና አዳማ ላካት። እኔም ከመዝገብ ቤት ሥራዬ የዓመት ፈቃድ ወስጄ አምቦ ላይ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ፣ ከአንዲት ሕፃን ጋር ቤት ዋልኩ። አምቦን በሐምሌ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት ዝናብ፣ በመካከሉ ጭቃ። ልጅ ደጅ ብትለቅ የምትመለሰው ጫማዋን እዚያው ተክላ ነው።

ትዕግሥት ስትሄድ፣ ስልክ እያሳየህ እንዳታደነዝዛት ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ስልኩን ለራሴ አደረግሁትና ሕፃናት በክረምት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ፈለግሁ። የመጣልኝ የፈረንጅ ክረምት ነው። አንዲት እናት ነጭ ወረቀት አጣጥፋ በመቀስ እየበሳሳች የበረዶ አበባ ትሠራና መስኮት ላይ ትለጥፋለች፤ ከጥጥ ደግሞ የበረዶ ሰውዬ ታቆማለች። እኛም አጠፍን፣ ቆረጥን፣ ለጠፍን። ሲፈን፣ ይሄ ምንድነው አለችኝ። በረዶ ነው አልኳት። እሷ የምታውቀው በረዶ ደግሞ ባለፈው ዓመት የጎረቤታችንን የአዴ ብርቄን ጎመን ወንፊት ያደረገውን ነው። ትንሽ አሰበችና፣ አዴ ብርቄ እንዳያዩት ብላ መጋረጃውን ሳበችው።

መዘዙን ያመጣው ከበረዶው ሰውዬ የተረፈው ጥጥ ነው። ጥጥ ከሚባክን ብዬ በማግስቱ ወደ ሳይንስ ተሸጋገርን። ከሳይንስ ጋር ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ሰላምታም የለን፤ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ማን ሊቅ የማይሆን አለ? ጥጡን አርሼ ብርጭቆ ውስጥ ጠቀጠቅሁ፤ ከወጥ ቤት ድፍን አተር አምጥቼ አምስቱን በጥጡና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል ሰካሁ። ከዚያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ንግግር አደረግሁ።

ዘር ለመብቀል ሦስት ነገር ይፈልጋል አልኩ፤ እርጥበት፣ ሙቀትና ትዕግሥት።

ትዕግሥትማ አዳማ ናት አለችኝ።

የእናትሽን አይደለም፣ መታገሥን ነው አልኳት። ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ዘሩን የነካ፣ የቆፈረ፣ እስቲ ልየው ብሎ ያወጣ ሰው ይገድለዋል። ሙቀት ሲባል ምን ያህል ነው አለች። እንደ ሰውነትሽ አልኳት። እርጥበትስ አለች። ረጠብጠብ ያለ፣ ግን ውሃ ያልተኛበት አልኳት። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘ አተር የትም ይበቅላል ብዬ ትምህርቱን ዘጋሁ። "የትም" የምትለዋን ቃል ጨምርበት ያለኝ ማን ነበር?

በማግስቱ የሲፈን አፍንጫ ይፈስ ጀመር፤ ደግሞ በቀኙ በኩል ብቻ። ጉንፋን ነው አልኩ። ጉንፋን ለምን አንዱን አፍንጫ መርጦ ይይዛል ብሎ የሚጠይቅ ሳይንቲስት በቤቱ አልነበረም። ዝንጅብል በማር አፍልቼ ሰጠኋት፤ ካልሲ ደረብኩላት። አፏን ከፍታ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልትስመኝ ስትጠጋ ደስ የማይል ሽታ ሸተተኝ፤ ጥርሷን አላጠበችም ብዬ አሳጠብኳት።

ከቁርስ በኋላ ብርጭቆውን ስናይ ሁለቱ አተሮች ቆዳቸው ተተርትሮ ነጭ ሥር ብቅ አድርገዋል። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሲፈንም ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችና በጣቷ የአፍንጫዋን ጎን ቀስ አድርጋ ነካ አደረገች። "የእኔም ወጥቷል መሰለኝ" አለች። "ሌሊት ይኮረኩረኝ ነበር።"

እዚህ ላይ ሰው ምን ይሰማዋል ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም። ጆሮ ይሰማል፣ ልብ ግን አልቀበልም ይላል። የቱ ያንቺ አልኳት። ስድስተኛውን ብርጭቆው አጠገብ ረስቼው እንደነበረ፣ እሷም እርጥብና ሞቃት ቦታ እንደፈለገችለት፣ ዘሩ እንዳይሞት ደግሞ እንዳልነካችውና ለማንም እንዳልተናገረች በኩራት አስረዳችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ። ይህን ያህል ታዛዥ ልጅ ያለው ሰው ነበርኩ።

መስኮት ዳር አስተኝቼ በስልኬ መብራት የቀኝ አፍንጫዋን ቀዳዳ አየሁ። ጥልቅ ገብቶ፣ አብጦ፣ እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል። የትዕግሥትን ወረንጦ አመጣሁ። በግራ እጄ ቀኙን ደግፌ ጫፉን አስጠጋሁ። ነካሁት። የነካሁት አተር ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ገባ። ቅድም የታየኝ ግማሽ ፊቱ ነበር፤ አሁን የሚታየኝ ጠርዙ ብቻ ሆነ። ሲፈን እየነካኸው ነው እንዴ አለችኝ፣ ድምጿ ለልቅሶ እየተዘጋጀ።

አዴ ብርቄ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ጎመን ሊሰጡን መጥተው በሩ ላይ ወረንጦ የያዘ ሰው ልጁ ላይ ተደፍቶ አዩ። ማል ታቴ፣ ምን ሆነች አሉኝ። ነገርኳቸው። ጎመናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወረንጦውን ከእጄ ወሰዱት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"አተሩ ካፍንጫዋ አልፎ ወደ ትንፋሿ ቢወርድ በምን ታወጣዋለህ?" አሉኝ። "ተነሥ፣ ልበስ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስትሄድም እንዳታስለቅሳት። ያለቀሰ ልጅ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ይስባል።"

ከሁሉም የከበደችኝ ይህች የመጨረሻዋ ምክር ናት። ልጄን ከነአተሯ በዝናብ ውስጥ ማድረስ ብቻ አይደለም፤ እየሳቀች ማድረስ አለብኝ ማለት ነው። በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ፊቴ ላይ ፈገግታ ሰፍቼ ወጣሁ። አተራችንን ለሐኪም ልናሳየው ነው አልኳት። ይሸልሙናል ወይ አለች። ይሆናል አልኩ።

ባጃጅ ያገኘነው አስፋልት ከደረስን በኋላ ነው። ባለባጃጁ ሸራውን ዘግቶልን ጥቂት እንደሄድን ከላይ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ቆመ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ኦቦ፣ ትንሽ ብንጠብቅ ይጎድላል አለኝ። መጠበቅ እንደማልችል በሹክሹክታ ነገርኩት። ዞሮ ሲፈንን አያት፤ ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደና ባጃጁን ይገፋ ጀመር። እኔም ልውረድ ስል፣ አንተ እሷን ያዝ አለኝ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነበር።

በመካከሉ ሲፈን አፏን ከፈተች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ልታስነጥስ ነው። ሊያስነጥስ የሚል ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አየር ይስባል። ብዙ አየር፣ በኃይል። እኔ በዚያች ቅጽበት የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በስም ጠርቼ ጨርሻለሁ፤ ከፊሎቹን ሁለት ጊዜ። በአፍሽ ተንፍሺ፣ በአፍሽ ብቻ አልኳት፤ የሰፋሁት ፈገግታ ከፊቴ ላይ ሲተረተር ይታወቀኛል። ማስነጠሱ መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ፣ አባዬ ለምን ታለቅሳለህ አለችኝ። ዝናብ ነው አልኳት። ሸራው ተዘግቷል አለች።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ነገሩን ከአፌ ሰምተው ሳይጨርሱት መንገድ ለቀቁልን። የተቀበለችን ጤና መኮንን በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ግራውን አፍንጫ፣ ከዚያ ሁለቱን ጆሮዎች አየች። ያመመኝ ይኼ ነው፤ ሌላም ማሳ ሊኖር ይችላል ብዬ እኔ አላሰብኩም ነበር። ጆሮዎቹ ንጹሕ ናቸው አለች። ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት አነሣች። ሲፈን ብረቱን ስታይ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ከደነችና ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጤና መኮንኗ ብረቱን መልሳ አስቀመጠችው።

ወደ እኔ ዞር አለችና፣ አንተ ታወጣዋለህ አለችኝ። እኔ አይደለሁም የማወጣው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት ልላት ምንም አልቀረኝ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ ደህናውን አፍንጫ በጣትህ ትዘጋለህ፤ አፍህን አፏ ላይ ገጥመህ አንድ ጊዜ አጭር አድርገህ በኃይል እፍ ትላለህ። አየሩ ከኋላ ዞሮ ይገፋዋል። "እኔን ትፈራኛለች፣ አንተን ግን ስሞሽ ነው የሚመስላት" አለች።

ሲፈንን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ትልቅ ስሞሽ ልሰጥሽ ነው አልኳት። በመጀመሪያው ሳቀችና አየሩ ከጎን አመለጠ። በሁለተኛው ራሴ ፈርቼ የተነፈስኩት ሻማ የማያጠፋ እፍታ ነው። ባለባጃጁ እስካሁን አልሄደም፤ ሱሪው ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆሟል። ጤና መኮንኗ ሰዓቷን አየችና አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር፣ ካልሆነ ወደ ሆስፒታል እልካችኋለሁ አለች። ሲፈን ደክሟታል፤ በአፏ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ይቆራረጣል። ዓይኗን አይቼ፣ እመኚኝ አልኳት። እሺ አለች። የሚሰማ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። አፏን ከፍታ፣ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችኝ። እፍ አልኩ።

አንድ እርጥብ ነገር ጉንጬን መታኝ።

ጤና መኮንኗ መሬት ከወደቀበት በጨርቅ አነሣችው። አብጦ እጥፍ ሆኗል፤ በጎኑ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ሥር ወጥታለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ባለባጃጁ ፊቱን አማተበ። ሲፈን አተሩን አየች፣ ሥሩን አየች፣ እኔን አየች፤ ሁለት ቀን የተጠራቀመውን ልቅሶ ያን ጊዜ ለቀቀችው። የምታለቅሰው ግን ስለ አፍንጫዋ አይደለም። ቅጠል ሳያወጣ ነቀልከው፣ ያልከው እንዲህ ነበር ወይ ነው የምትለው። ጤና መኮንኗ አተሩን በእርጥብ ፋሻ ጠቅልላ እጇ ላይ እስክታስቀምጥላት ድረስ ሲፈን ከክፍሉ አልወጣም አለች።

ከሰዓት በኋላ ለትዕግሥት ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ከሩቅ ልጀምርላት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎርፉ፣ ቀስ እያልኩ ወደ አፍንጫው ልደርስ አቅጄ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ ልጄን አገናኘኝ አለች። ሲፈን ስልኩን ተቀብላ ሁሉንም ከነአተሩ መጠን ነገረቻት። ስልኩ ሲመለስልኝ ትዕግሥት፣ ነገ እመጣለሁ አለችኝ። ሥልጠናውስ አልኳት። ሥልጠና የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው አለችና ዘጋችው። ስትመጣ አልተቆጣችኝም፤ ልጅቷን አቅፋ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ወረንጦዋን ከአዴ ብርቄ ተቀብላ ቆልፋ አስቀመጠችው።

አተሩን ደጃፋችን ላይ በአሮጌ የወተት ጣሳ ተከልነው። ይበቅላል ብዬ አልጠበቅሁም። ሲፈን ሲባጎ አሰረችለት፤ እሱም ሲባጎውን ይዞ እስከ መስኮቱ ወጣ፣ አበበ፣ በጥቅምት እሸት አንጠለጠለ። ከቤታችን ግን ማንም አልቀመሰውም። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም፤ አያነጋግርም።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ወሬ ስናወራ ሲፈን ወጣ ብላ፣ እሸቱን በሙሉ ቀጥፋ በሳህን ይዛ ገባችና ፊታቸው አስቀመጠችው። ልከለክል ስል ባርከውት አንዱን ፈልፍለዋል። አንድ በአንድ፣ በእርጋታ፣ እያጣጣሙ በሉት። የገበያው አተር እንዲህ አይጣፍጥም አሉ። ለገጠሩ ማሳቸው ጥቂት ለዘር ቢያገኙ ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ዘሩን ከየት እንዳመጣነው ጠየቁን።

እኔ ትዕግሥትን አየሁ። ሲፈን አፏን ከፍታ እጇን ወደ አፍንጫዋ አነሣች። ትዕግሥት የልጅቷን እጅ ቀልባ ያዘችና አንገቷን ሰበር አድርጋ መለሰች።

"የራሳችን ዘር ነው፣ አባ።"