ወደ ኩንግፉ አገር የተላከ ሽማግሌ

ዓመቱ 2017 ዓ.ም. ነው። ወሩ ኅዳር፤ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ደመና ቋጥሯል።

ሰው ከሥራ ለመሸሽ የማይሄድበት አገር የለም። የድሮ ሰነፍ ቢሸሽ ጎረቤት ድረስ ነበር፤ ቢበዛ መካኒሳ። የዛሬው ግን ፕሮግራም አውጥቶ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚሸሸው። ከየት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። አንዱን የወለድኩት እኔው ነኝ።

ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ከተማው ያልዋጣት አንዲት ማሳ ቀርታልኛለች። የዘራሁባት ጤፍ ደርሷል። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ይተኛል፣ ፍሬው ይረግፋል፤ ዓመቱን የምንበላው ደግሞ እሱን ነው። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ሕንፃ ግንባታ ገብቷል። የቀረኝ ልጄ ደረጀ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጀሞ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ኩንግፉ ያስተምራል። ና እጨድ ስለው ስብሰባ አለብኝ አለ።

የምን ስብሰባ? የጉዞ። ከተማሪዎቹ ጋር ቻይና ሄደው የኩንግፉን ጥንታዊ ቤቶች ሊጎበኙ ነው። ዕቅዱን በወረቀት አሳየኝ። መጀመሪያ መነኮሳት የሚማቱበት ተራራ፣ ቀጥሎ ሰዎች በዝግታ የሚማቱበት መንደር። መነኮሳቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ግቢ ይጠርጋሉ፣ ውኃ ሽቅብ ይሸከማሉ፣ ሥጋ አይቀምሱም፤ እኛም እንደነሱ እናደርጋለን አለኝ። ይህ ልጅ ጾም ይዞ አያውቅም። ጄሪካን አንሣ ሲባል ወገቡን ያመዋል። በዝግታ የሚማታ ሰው ለማየትስ ቻይና ምን ያስኬዳል? እሱን ጤፍ ሲያጭድ ማየት ይበቃል። ትኬት አልተቆረጠም። ፓስፖርት ያለው አንዱ ብቻ ነው። ቲሸርቱ ግን ታትሟል።

ኮሚቴውን ያስቸገረው አንድ ነገር ነው። መንደሩ እንግዳ የሚቀበለው በሚያውቀው ሰው በኩል ነው ተብሏል። ታዲያ ምን ቢወስኑ ጥሩ ነው? ከማሳዬ አጠገብ ሕንፃ የሚያሠራ ሚስተር ሊዩ የሚባል ቻይናዊ አለ፤ እሱ ጋ ሽማግሌ ይላክ። ቻይናዊ ከሆነ ኩንግፉ ያውቃል፣ ካወቀ ደብዳቤ ይጽፋል። ሽማግሌው ደግሞ እኔ። ሳቅ አይቀናኝም፤ ያን ቀን ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ደረጀ፣ «አባባ፣ ከሄዱልን ሐሙስ ከነተማሪዎቼ መጥቼ አጭዳለሁ» ሲለኝ ጋቢዬን አነሣሁ።

አብሮኝ የተላከው የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ ነው። ንግግሩ ለሱ፣ ዝምታው ለኔ ሆነ። ሚስተር ሊዩ ቢሮው በር ላይ ሁለት ባለጋቢ ሽማግሌዎች ሲያይ ወንበር አቀረበ። አቶ ግርማ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አለ፤ ደንቡ ነዋ። ሰውየው ደነገጠ። ከሠራተኞቹ በለቃቀማት አማርኛ፣ «አጥር፣ ነገ ይሠራል» አለ። መኪናቸው ባለፈው ወር የማሳዬን አጥር ጥሶት ነበር። ወር ሙሉ ለምኜ ያልተሠራ አጥር፣ ወንበር እምቢ ስንል ተሠራ። እኔማ ጉዳዬ አለቀ ብዬ ልመለስ ነበር።

አቶ ግርማ ግን ቀጠለ። ልጃችን የአገርዎን ጥበብ ወድዷል፣ እንደ ልጅዎ ይቀበሉልን አለ፣ ልክ ሙሽራ እንደሚጠይቅ። የመንደሩን ስም ሲጠራ ሚስተር ሊዩ ሳቀ። የሱ አገር ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ነው። አቶ ግርማ ሰዉ እዚያ ምን ይሠራል ቢለው፣ «ስንዴ ያጭዳል። ይደክመዋል። ይተኛል» አለ። እርስዎስ ይማታሉ? «እኔ ጉልበት ያመኛል።» ከዚያ በመስኮቱ ማሳዬን አየና፣ «አባት፣ ይሄ ደርሷል። ዝናብ መጥፎ» አለኝ። በዚያ ሳምንት የሰማሁት የሰው ንግግር እሱ ብቻ ነው። ሐሙስ እናጭዳለን አልኩት።

ሐሙስ ደረጀ ስምንት ተማሪዎች አስከትሎ መጣ፣ ሁሉም በቲሸርታቸው። መጀመሪያ ሰውነት ማሟሟቅ አለብን አሉ። አንድ ሰዓት አሟሟቁ፤ ደመናውም አብሮ ሲጠቁር። ከዚያ ገቡበት። አምስት ነዶ ሳይሞሉ አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ጣቱን ቆረጠ፣ የቀሩት ጣቱን ለማሰር ተሰበሰቡ። ስድስት ሰው ለአንድ ጣት።

ይኼኔ ሚስተር ሊዩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጣ። ሲሚንቶ ስላልደረሰ ሥራ ቆሟል። ማጭድ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ያ ጉልበት ያመኛል ያለ ሰው ጎንበስ እንዳለ እስከ ቀትር ቀና አላለም። ጎን ለጎን ስናጭድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እንዲያ ያለ ጥሩ ጨዋታ ከተጫወትኩ ዓመታት ሆኖኛል። ደረጀስ? በስልኩ ይቀርፀዋል። አቋቋሙን እዩ፣ ምስጢሩ ያለው ወገቡ ላይ ነው እያለ ለተማሪዎቹ ያስረዳል። በሰውየው እጅ ያለው ማጭድ አልታየውም።

ክምሩን ሸራ ስናለብስ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ጤፌ ተረፈ።

ደረጀ ደብዳቤውን ለመነ። ሚስተር ሊዩ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ሁለት መስመር ጻፈለት። ልጄ በሁለት እጁ ተቀብሎ በላስቲክ ጠቀለለውና ደረት ኪሱ ከተተው። ማንበብ እንደማይችል ትዝ ያለው አይመስለኝም። ልጄ ዞር ሲል ሰውየውን ምን ጻፍክለት አልኩት። የጻፈው አገር ቤት ላለችው ለገዛ እናቱ ነው። ይህ ልጅ ሲመጣ ማጭድ ስጪው፣ ብዙ አታስወሪው ይላል። ስንዴያችሁ መቼ ይደርሳል አልኩት። «ሰኔ መግቢያ» አለኝ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ደረጀን ጠርቼ ጉዞውን ፈቀድኩለት። አሁን ግን አይሆንም፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ሂድ፤ የቻይና አየር የሚያምረው ያኔ ነው አልኩት። የቻይናን አየር ከየት አወቁት እንኳ ሳይለኝ ጉልበቴን ሳመ። በማግስቱ ማጭዱን ስዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከሻንጣው ሥር ከተትኩለት።