ዝናብ የለም ያለው መምህር

ስለ ነገው ሰማይ ሳያወራ ማደር የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት ሳስተምር ደሳለኝ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ። ግንቦት ሲገባ ሙቀቱ ሁላችንንም ያቁነጠንጠናል፤ እሱ ግን ስልኩን ይዞ ከደጅ ደጅ እየዞረ የአየር ትንበያ ያድላል። የሾመው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ ያረጀውን የቤታቸውን ሣር ክዳን ሊያስቀይሩ አስበው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሰሞኑን ይዘንብ ይሆን?»

«ጠብ አይልም እማማ! ያስነሱት።»

ሣሩ ተነሥቶ ሳያልቅ በሽንፋ ወንዝ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ፍራሹንና የሰሊጥ ዘሩን ስናሸሽ ዝናቡ ወረደብን። ዘሩ ተረፈ፤ ፍራሹ ራሰ። ከደሳለኝ እጅ ስልኩን ተቀብዬ ባየው፣ ለካ የሱዳንን ኔትወርክ እየሳበ ኖሯል! ሲያነብልን የከረመው የፖርት ሱዳንን፣ የባሕር ዳርቻውን አየር ነበር።

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ «እዚያስ ፀሐይ ነው?» አሉት።

«ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እሰይ፣ ለነሱም ደግ ነው።»

በማግስቱ ደሳለኝ በጠዋት የእማማ ጥሩዬ ጣሪያ ላይ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ይዘንባል?» ይለዋል። እሱ ግን ወደ ሰማይ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሣር አቀብሉኝ!» ብቻ ይላል።