ባለ ሁለት አንገቱና ክቡር ሊቀመንበሩ

በየሰፈሩ ማኅበር ካላቋቋመ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ካየ ሰብሳቢ ያስመርጣል፤ የሚመረጠውም ራሱ ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡት ሊፍት ጠጋኝ፣ የዚህ ዘር ቁንጮ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሲጠራ፦ ያልታዩ ፍጥረታት ፈላጊ ማኅበር መሥራችና የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር!

አባላቱ እሳቸው፣ ልብስ ሰፊውና አንዲት ነርስ ናቸው፤ በቃ። እሑድ እሑድ ከከተማው ጀርባ ካለው ግድብ ዳር ተደርድረው ውኃው ላይ ያፈጣሉ። ግድቡ ውስጥ ባለ ሁለት አንገት ፍጥረት አለ። ማን አየው? ማንም። ይህን የጠየቀ ወዮለት፤ ክቡርነታቸው ጣታቸውን ቀስረው፣ «አለመታየቱ ራሱ ማስረጃ ነው!» ይሉታል። ልብስ ሰፊው የማኅበሩን ሰደርያ ሲሰፋ ደረቱ ላይ የጠለፈውን አንገት ስንቴ አስፈትተው እንዳሰፉት እሱና መርፌው ያውቃሉ።

ደንቡም የእሳቸው ነው። ሦስት አባል «አየሁ» ካላለ ታየ አይባልም። ይህ የወጣው ነርሷ «አየሁ!» ብላ ግድቡን ካናወጠች በኋላ፣ ሲቀርቡት ቢጫ ጄሪካን ሆኖ በመገኘቱ ነው። እሳቸው ራሳቸው ግን፣ መቼስ ሐቁ ይነገር፣ አንድ ቀን እንኳ አየሁ ብለው አያውቁም።

ችግሩ የመጣው ከአፋቸው ነው። ማኅበሩን ያቋቋሙት ባለቤታቸው በሞቱ ማግሥት ነበር። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው «አባዬ፣ ብቻህን አትሁን፣ እኔ ጋ ና» እያለች ስትነዘንዛቸው፣ አምና በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ዕለት ደረታቸውን ነፍተው፣ «እስከ አሥረኛ ዓመታችን ካልታየ ማኅበሩን አፍርሼ እመጣለሁ!» አሏት። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም፤ ግትር ናቸው።

አሥረኛው ዓመት ደረሰ። ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ ሥራ አበላሸ። የደንበኛ ሱሪ ኪስ አፉን ሰፍቶ ዘጋው። ሊጠራቸው ሲሄድ በራቸው ላይ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። አሥር ዓመት ሙሉ «እኚህ ሰውዬ እሑዴን በሉት» እያለ ሲያማቸው የኖረው ሰው፣ ያን ሻንጣ በእርግጫ ብሎ ቢገላግለው ደስ ባለው።

ግድቡ ዳር የአሥረኛ ዓመቱ ኬክ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የቆረሰው የለም። ልጃቸው ልትወስዳቸው መጥታ፣ መኪናዋን አቁማ ከኋላቸው ቆማለች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

«አለመታየቱ…» ብለው ጀመሩና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«አየሁ!»

የጮኸው ልብስ ሰፊው ነው። ራሱም ደነገጠ።

«የት?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እዚያ! ከውኃ ማውጫው ቧንቧ ወዲያ!»

ነርሷ ውኃውን ትታ የልብስ ሰፊውን ፊት አየች። ላብ በላብ ሆኗል። «እኔም አየሁ!» አለች።

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። እሳቸው ግድቡን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው አሰሱ። «እኔ አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

ወይ ጉድ! ልብስ ሰፊው አንቆ ቢይዛቸው ወደደ። ምናለ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል ቢዋሹ!

«እኔ አየሁ፣ አባዬ።»

ልጅቷ ነበረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አንቺ አባል አይደለሽም» አሉ ክቡርነታቸው፣ በጭንቅም ቢሆን ሥርዓት ሥርዓት ነውና።

ልብስ ሰፊው ሰደርያውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። «ይኸው፣ ሆነች!»

«እሺ፣ ስንት አንገት አለው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አንድ» አለች ነርሷ። «ሁለት» አለ ልብስ ሰፊው፣ እኩል።

«አንደኛው ውኃ ውስጥ ነበር» አለች አዲሷ አባል።

ኬኩ ተቆረሰ። ሊቀመንበሩ ግን አኮረፉ፤ አሥር ዓመት ጠብቀው እሳቸውን ብቻ ሊያመልጣቸው! ሲመለሱ ልብስ ሰፊውን ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩት።

«አንተ ውሸት አትችልበትም። ምን ነበር ያየኸው?»

«ሻንጣዎን፣ ጋሼ። በር ላይ ቆሞ።»

ክቡርነታቸው ክንዱን ሳይለቁ ጥቂት ተራመዱ።

«እሑድ እንዳታረፍድ» አሉት።