ምን ሽታ መጣች?

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ሆን ብሎ ሰው የሚያነካካ ይመስለኛል። «ሽቶ» የሚለውን ቃል ውሰዱት። ጠርሙስ ውስጥ ሲሆን የሚቀቡት መዓዛ ነው፤ ከጠርሙስ ሲወጣ ደግሞ «ፈልጎ» ማለት ነው። «ነገር ሽቶ መጣ» እንል የለ? እንግዲህ አንድ ሰው ሽቶ ተቀብቶ ከተፍ ሲል፣ ምን ሽቶ እንደተቀባ መጠየቃችን የኛ ክፋት ሳይሆን የቋንቋው ግፊት ነው። በዚያ ላይ መልካሙም መዓዛ፣ ክፉውም ግማት ሁለቱም «ይሸታል» ነው የሚባሉት። ቋንቋው ሳይፈርድ የተወውን እኛ በአፍንጫችን እንፈርዳለን።

ድሮ በኛ በመንዝ ይህ ችግር አልነበረም። የሴት ሽቶ ማለት አሪቲ ነው፤ ለዓመት በዓል ደግሞ አደስ የገባበት ቅቤ። አሪቲ የያዘች ሴት ምን ዓይነት ጠባይ አላት ብሎ የሚመራመር አልነበረም፤ ደጓም ክፉዋም፣ ጨዋዋም ምላሰኛዋም እኩል አሪቲ አሪቲ ይሸቱ ነበር። መመራመር የመጣው ከካርቶኑ ጋር ነው። የዛሬ ሽቶ ጠባይ ካርቶኑ ላይ ተጽፎለት ይመጣል፤ እናንተ ገዝታችሁ መልበስ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ደጀኔ ከአዲስ አበባ እጮኛውን ይዞ መጣ። እህቴ እትዬ አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለችው ቀዬዋ ገብሷን እያሳረሰች፣ በጎቿን እያረባች የኖረች፣ ማንንም ሳትመዝን ከደጃፏ የማታሳልፍ ሴት ናት። ደጀኔ አንድያ ልጇ ነው። «እናቴ እሺ ካላለች ሽማግሌ አልልክም» ብሎ ምሏል። ስለዚህ ጉዞው ለጥየቃ ይባል እንጂ ለማህሌት፣ ለእጮኛይቱ፣ ፈተና ነበር። ፈታኟ እህቴ ስትሆን እኔ፣ የሞላሌው ጡረተኛ ወንድሟ፣ ታዛቢ ሆኜ ተጠራሁ።

ማህሌት ከአጥሩ ሳትገባ ሽቶዋ ገባ። ጽጌረዳ ነው እንዳልል ጽጌረዳ ብቻ አይደለም፤ ጃስሚን የሚሉት አበባም አለበት፤ ሌላም ስሙን የማላውቀው፣ በኛ ብርድ የማይበቅል ብዙ አበባ አለበት። እህቴ ልጅቷን አገላብጣ ሳመቻት፤ ወግ ነውና። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብላ በሹክሹክታ «ምን ሽታ መጣች?» አለችኝ። ስለ መዓዛው ይሁን ስለ ፍላጎቷ የጠየቀችኝ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። እህቴን እንደማውቃት ከሆነ ስለ ሁለቱም ነው።

ከሰዓት በኋላ የሽቶዋን ካርቶን አስመጥቼ ያቺን ያለችኝን እንግሊዝኛ አወጣሁ። «ፈቃድ ለማትጠይቅ፣ ደፋር፣ ምስጢሯ ለማይደረስበት ሴት» ይላል። ቀና ብዬ ማህሌትን አየኋት። ሕፃናት የምታስተምር፣ ውኃ ለመጠጣት የምታስፈቅድ፣ ዶሮ ሲጮኽ የምትደነግጥ ልጅ ናት። ምስጢሯ ደግሞ ገና ስትጠየቅ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት።

«ራሴን ያመኛል፣ ጋሼ። ደጀኔ ስለሚወደው ነው።»

ደጀኔን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። «እኔማ ያስነጥሰኛል፤ እሷ ስለምትወደው ነው የገዛሁላት» አለኝ። ማንም የማይወደው ሽቶ በሁለት ፍቅረኞች መሀል ተንቀባሮ ይኖራል ማለት ነው። የሰው ፍቅር ውስጥ መግባት ደግ አይደለምና አንዱ ያለውን ለሌላው አልነገርኩም።

እህቴ ካርቶኑን ማንበብ ባትችልም በአፍንጫዋ አንብባዋለች። «ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች እንጂ ሽታዋ ይጮኻል። እንዲህ ያለች ቤት አትይዝም» አለችኝ።

«እትዬ፣ ሽቶው እኮ ልጅቷ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ቀድሟት ይገባል?»

ለዚህ መልስ እናንተ ካላችሁ ላኩልኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት በግ ወለደች። ማህሌት በዕድሜዋ ሲወለድ አይታ የማታውቀውን ግልገል ስታይ ፈቃድ መጠየቋን ረሳችና ገና ሳይደርቅ አነሳችው፤ አንገቷ ሥር ሸጉጣ አቀፈችው፣ ሳመችው፣ በአንገት ልብሷ ጠራረገችው። በግ ደግሞ የወለደችውን የምታውቀው በጠረኑ ነው። ግልገሉ ተመልሶ አጠገቧ ሲቀመጥ እናቲቱ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ካዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መስሏት መሰለኝ፣ በግንባሯ ገፈተረችው። ጡት ፈልጎ ሲጠጋ ዳግመኛ ገፈተረችው።

እህቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታይ ነበር። «አየህ፣ በጓም አልተቀበለቻትም» አለችኝ።

ነገሩ ከዚህ ወዲያ ቀልድ አልነበረም። በመንዝ ብርድ እንገር ያልቀመሰ ግልገል ለማታ አይደርስም። ማህሌት እንባዋ ይወርዳል፤ ደጀኔ አንዴ እናቱን አንዴ እጮኛውን ያያል። እህቴ ጨው አምጥታ ግልገሉን ቀባችው፤ እናት ጨው ስትልስ ልጇን ትለምዳለችና። በጊቱ ጨዉን ምንም ሳታስቀር ልሳ ጨረሰችና ግልገሉን መልሳ ገፈተረችው። ያን ጊዜ ማህሌት፣ በዚያች ከጉሮሮዋ በማታልፍ ድምጿ፣ «እማማ፣ በጓም እንደሱ ብትሸትስ?» አለች።

እህቴ ግልገሉን አየች፤ ልጅቷን አየች። «አምጪው» አለች በመጨረሻ፤ ሽቶውን በስሙ መጥራት እንኳ አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩት! እህቴ በጊቱን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ይዛ ትጮኻለች፦ «አፍንጫዋ ላይ! እዚህ ጋ! ምን ትሰስቻለሽ፣ ጨምሪ እንጂ!» በጊቱ ታነጥሳለች፣ ትወራጫለች፣ ራሷን ታራግፋለች፤ የፈረንጁ አበባ በበግ፣ በግልገልና በእህቴ ላይ እኩል ይዘንባል። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን በጊቱን ለቀቋት። ግልገሉን አሸተተች፤ ራሷን አሸተተች፤ የእህቴን ቀሚስ አሸተተች። ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባት። ተስፋ ቆርጣ እግሯን ከፈት አደረገችና ግልገሉ ጠባ።

እዚህ ላይ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ፣ ታረቁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ መንዞች ነን። እህቴ «ለበጓ ብዬ ነው» ብላ ቀሚሷን አራግፋ ገባች። ስለ ሽማግሌ አንድም ቃል አልወጣትም። ደጀኔና ማህሌት በነጋታው የሚመለሱበትን መኪና ያስቡ ጀመር፤ ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ አሳዘነኝ።

ነጋ። ዕለቱ ማርያም ነበረችና እኔና እህቴ ማኅበር ሄድን። እጇን በአመድ ፈትጋ ታጥባለች፣ ቀሚሷንም ነጠላዋንም ቀይራለች፤ ግን ሽቶው ሹሩባዋ ውስጥ ገብቶ ከርሟል። በሩን ስንገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። አፍንጫዎች ዞሩ። ከማኅበርተኛው ሁሉ ምላሷ የማያርፈው ወይዘሮ የሺ «አስካለ፣ ምነው እንዲህ አበባ አበባ አልሽ? እንኳን ደስ ያለሽ እንበል እንዴ?» አለች። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቄሱ የጠላ ዋንጫቸውን ያጠኑ ጀመር። ይባስ ብሎ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ቀና ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

እህቴ ጋቢው ሲስተካከል አየች። «በጌን ሽቶ ቀብቼ ነው» ብትል ማን ያምናታል? ቢያምኗትስ እስከ ራቤል ድረስ መሳቂያ አይደለችም? ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«የምራቴ ነው!» አለች፣ ከቤቱ ሁሉ ድምፅ በላይ።

መጀመሪያ የደነገጠችው ራሷ እህቴ ናት። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ከመንዝ አፋፍ ደግሞ የወደቀ አይመለስም። ወይዘሮ የሺ «ምራት? መቼ?» ስትል ቄሱ ቀደሟት፤ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃቸው» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። አዛውንቱም ጋቢያቸውን መልሰው እየተከናነቡ «አሜን» አሉ።

ስንመለስ ነጠላዋን ተከናንባ ፊት ፊት ሄደች። እኔም ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ከኋላዋ ተከተልኩ። ከአጥሩ ስንደርስ ቆመች፤ ወደኔ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦

«ለሽማግሌነት አዲስ አበባ ስትሄድ ይህን ኮት አሳጥበው። በግ በግ ይሸታል፤ ሰዎቹ ምን ይሉናል?»